በሬ ሰርቄ አላውቅም

በሬ ሰርቄ አላውቅም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ጁባ ውስጥ ባለ አንድ ፖሊስ ጣቢያ የተቀመጠ ወፍራም መዝገብ ሰርቋል ብሎ ጽፎብኝ ስለነበረ ነው። ጣቢያው የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ አሁንም በየቀኑ በበሩ አልፋለሁ። በሬ ቀርቶ ዶሮ አልሰረቅሁም። ገበያ ገብቼ ቲማቲም እንኳ ሳልገዛ መነካካት የሚያሳፍረኝ ሰው ነኝ። እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ፣ ዕድሜዬ ሠላሳን ካለፈ በኋላ፣ ለአዲስ ሥራ ወረቀት ላወጣ ሄጄ የከብት ሌባ መሆኔን የተረዳሁት።

ሥራው የመጋዘን ኃላፊነት ነበር፤ በእነሱ አጠራር ስቶር ኪፐር። አንድ የውጭ ድርጅት ድንኳን፣ ጀሪካንና ብርድ ልብስ የሚያከማችበት ሰፊ መጋዘን ነበረው፤ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚመዘግብለት ሰው ፈልጎ እኔን መረጠ። ማክሰኞ ዕለት የኤች አር፣ ማለትም የሰው ኃይል ክፍሏ ሴትዮ የቅጥር ደብዳቤውን ስትሰጠኝ ከሥሩ ሌላ ወረቀት ተያይዞ ነበር። ሰኞ ሥራ ለመጀመር እስከ አርብ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሦስት ነገር አምጣ ይላል፤ ከወንጀል ነጻ መሆኔን የሚመሰክር የፖሊስ ክሊራንስ፣ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ እንዲሁም በጤና ኢንሹራንሱ የሚካተቱ የቤተሰቤ አባላት የሚሞሉበት ቅጽ።

«ካልደረሰልህ ቀጣዩን ሰው እንጠራለን» አለችኝ። በፈገግታ ነው ያለችው። የኤች አር ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር በፈገግታ መናገር የት እንደሚማሩ አላውቅም።

ያን ጊዜ የምሠራው አትላባራ ሰፈር ውስጥ፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት ባለቤት የሆኑበት ሆቴል ውስጥ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ሪሴፕሽን ላይ ተቀምጫለሁ። የቀጠሩኝ በአማርኛዬ ነው። ሥራ ፍለጋ ገብቼ ገና በሩ ላይ «ጤና ይስጥልኝ እትዬ» ስላቸው ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ይሄ ረጅም ልጅ ደግሞ የማን ነው?» አሉ፤ በማግሥቱ ሥራ ጀመርኩ። ወረቀት የጠየቀኝ የለም። ግብር የሚባል ነገር በመካከላችን ተነስቶ አያውቅም። ጥቅማ ጥቅሜ ምሳ ነበር። ሲያመኝ ደግሞ አጥንት የበዛበት መረቅ በፔርሙዝ ተሞልቶ ጉዴሌ ሰፈር፣ ቤቴ ድረስ በቦዳ፣ በሞተር ሳይክል ታክሲ፣ ይላክልኝ ነበር። ኢንሹራንስ ሲባል እኔ የማውቀው ያንን ፔርሙዝ ነው።

የሦስቱን ወረቀቶች ነገር ስነግራቸው እትዬ ተቆጡ።

«እኔ ጋ ስትገባ ወረቀት አምጣ አልኩህ?»

«አላሉኝም።»

«ታዲያ እንዴት አወቅኩህ?»

«አይተውኝ።»

«እነሱ ዓይን የላቸውም?» ካሉ በኋላ ግን ቁጣቸው በረድ አለ። «በል፣ እስከ አርብ ሂድና ተንከራተት። ካልሆነልህ ወንበርህ እዚሁ አለ።»

ዓይን ያልነበረው አጎቴ ነው። ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። ጠዋት ቁርስ አቅርቤ ፊት ለፊቱ ስቀመጥ «ማነው?» ይለኛል፤ በቤቱ ከእኔና ከእሱ ሌላ የሚኖር ሰው የለም። አንድ ቀን የጎረቤትን በርሜል «እንደምን አደርክ» ብሎ ሰላም ካለው በኋላ መልስ ስላልሰጠው ተቀይሞት ዋለ። ሐኪም አይቶት በቀዶ ጥገና ይነሳል ብሎናል፤ የሚጠይቁት ገንዘብ ግን በሪሴፕሽን ደመወዝ የሚሞከር አልነበረም። አዲሱ ሥራ ኢንሹራንስ አለው ሲባል የሰማሁ ዕለት ማመልከቻ ጻፍኩ። መጋዘን ወድጄ አልነበረም። እነዚያ ሁለት ዓይኖች እንዲከፈቱ ነበር የፈለግኩት።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው። ጦርነቱ እናትና አባቴን ሲወስድብኝ እሱ በትከሻው ተሸክሞ ድንበር አሻገረኝ። ጋምቤላ፣ የስደተኞች ካምፕ ደርሰን ስንሰለፍ መዝጋቢው «ልጁ ምንህ ነው?» ብሎ ጠየቀው። የእህቴ ልጅ ቢል ወላጅ ከሌላቸው ልጆች ጋር ለብቻ ሊያሰልፉኝ ነበር። «ልጄ ነው» አለ። በዚያች ቃል የወጣች የራሽን ካርድ ስንዴና ዘይት እያበላች አሳደገችኝ። አማርኛም እዚያው ተማርን፤ እኔ በትምህርት ቤት፣ እሱ በገበያ። ለዚህ ነው የእኔ አማርኛ የፊደል ሽታ ሲኖረው የእሱ ስድብ የሚበዛበት። አገራችን ነጻ ስትወጣ ተመለስን። ቤት ውስጥ ግን እስከ ዛሬ የምንጨቃጨቀው የእናቴን ቋንቋ ከአማርኛ እያደባለቅን ነው፤ ሲብስብን የጁባን ዓረብኛ እንጨምርበታለን።

ረቡዕ ዕለት የግብር ከፋይ ቁጥሬን አወጣሁ። ሰልፉ ረዘመ እንጂ ሌላ ችግር አልገጠመኝም። ቤት ገብቼ ለአጎቴ ማስረዳቱ ግን ከሰልፉ ባሰ።

«ደመወዜ እጄ ከመግባቱ በፊት መንግሥት የራሱን ይቆርጣል» አልኩት።

«ከመግባቱ በፊት?»

«አዎ። ድርጅቱ ራሱ ቀንሶ ይሰጠዋል።»

«እኔ ሳልበላ?»

«አንተ ሳትበላ።»

ትንሽ አሰበበት። «ዘመድ ነዋ። ማልዶ የሚመጣ ዘመድ።»

«እሺ፣ እንደዚያ በለው።»

«ለቅሶ ይደርሳል?»

«ማን?»

«ይሄ ግብር የምትለው። ሰው ሲሞትብን ይመጣል? አንተ ስታገባ ከብት ያዋጣል? እርግጥ አንተ አታገባም።»

ግብር መንገድ እንደሚሠራ ላስረዳው ሞከርኩ። ዝናቡ ከርሞ በደጃችን ያለው መንገድ ጭቃ ሆኖ አንድ ሚኒባስ እስከ ጎማው ውጦ ነበርና፣ ሹፌሩ ሲሳደብ እየተሰማን ክርክሬ ብዙም አልቆመም። አጎቴ ግን በመጨረሻ ግብርን ከዘመድ ቆጥሮ ተቀበለው። ዘመድ ከሆነ መጥቶ መብላቱ አያስገርምም አለ።

ሐሙስ የፖሊሱ ተራ ሆነ። ዋናው ቢሮ አሻራዬን አንስተው ሲያበቁ ከሰፈርህ ጣቢያ ክስ የለበትም የሚል ደብዳቤ አጽፈህ አምጣ አሉኝ። ቀላል ነው ብዬ እያፏጨሁ ሄድኩ። ጣቢያው ውስጥ ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሳጅን ገና ሲያየኝ በሳቅ ተቀበለኝ።

«ያ ሰላም! አንተ ነህ? ዶሚኖውን ይዘህ ነው የመጣኸው?»

ሳጅኑ እንደ እኔው ኢትዮጵያ ያደገ ነው፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ ማውራት ይወዳል። የምንተዋወቀው ደግሞ በእስር ነው። ከአራት ዓመት በፊት ሦስት ቀን እሱ ጋ ተቀምጬ ነበር። በዚያ ሦስት ቀን ዶሚኖ ስንጫወት ብዙውን እኔ አሸንፌዋለሁ፤ አልረሳውም። እንዴት እዚያ እንደተገኘሁ ለማስረዳት ስለ በሬው መናገር አለብኝ።

ጎረቤታችን ለልጁ ጋብቻ ከሚሰጡት ከብቶች አንዱን አስቀድሞ ገዝቶ ሰፈር አመጣው። ቡራቡሬ በሬ ነበር፣ ቀንዱ የሰፋ። ጉዴሌ ውስጥ ሱቅና አቧራ እንጂ ሣር የለም። ጎረቤታችን በሬውን ከሱቁ ጎን ከቆመ ግንድ ጋር በአጭር ገመድ አሰረው፤ በሬውም በፀሐይ ቆሞ የብስኩት ካርቶን ሲያላምጥ ይውል ጀመር። አጎቴ ያደገው በከብት ሰፈር ነው። ሰው ሲራብ አይቶ ዝም ሊል ይችላል፤ እኔ ምስክር ነኝ። በሬ ሲጠማው ግን እንቅልፍ አይወስደውም። ሁለት ቀን ሙሉ ጎረቤቱን «ገመዱን አስረዝምለት» ብሎ ነዘነዘው። ያን ጊዜ ዓይኑ ገና ደህና ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ገመዱን ቆረጠና በሬውን እየነዳ ወጣ። ከተማውን አቋርጦ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ከሸሪካት ሰፈር ወዲያ ሣርና ውሃ ያለበት ቦታ አደረሰው። እዚያ የአገሩን ሰዎች ከከብቶቻቸው ጋር አገኘ። ለአንድ ቀን ብሎ የሄደ ሰው ሦስት ቀን ቆየ። ኋላ ሲነግረኝ የስልኩ ባትሪ አልቆ ነበር፣ የበሬው ሆድ ግን ገና አልሞላም ነበር አለኝ።

ጎረቤታችን የተቆረጠውን ገመድ አይቶ ፖሊስ ጠራ። ፖሊሶቹ ሲመጡ አጎቴ የለም፤ እኔ ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። በእኛ ዘንድ የሚፈለገው ሰው ከሌለ፣ እሱ እስኪመጣ ዘመዱ በእስር ይቀመጥለታል። እንግዳ ነገር ስላልሆነ አልተከራከርኩም፤ ፎጣዬን ሰቅዬ ተከተልኳቸው። ከሳሼ ጎረቤት ራሱ በማግሥቱ ጠዋት ሻይና ዳቦ አመጣልኝ፤ ደህና አደርክ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ሄደ። በሦስተኛው ቀን አጎቴ በሬውን እየነዳ ሰፈር ገባ። የበሬው ሆድ ተነፍቶ፣ ፀጉሩ አብረቅርቆ ነበር አሉ። ጎረቤታችን ዞሮ ዞሮ አየው፣ ጎኑን መታ መታ አደረገው፣ ደስ አለው። ወዲያው ጣቢያ መጥቶ «ተገኝቷል፣ ከላስ፣ አለቀ» ብሎ ይዞኝ ወጣ። ቤት ስደርስ አጎቴ «ሦስት ቀን የት ሄደህ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። ምግብ ሳልሠራ በመጥፋቴ ተናዶ ነበር።

ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ መስሎኝ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ሳጅኑ ግን መዝገቡን ከመደርደሪያ አውርዶ፣ አቧራውን እፍ ብሎ፣ ገጹን ፈልጎ አሳየኝ። ተከሳሽ በሚለው ሥር የእኔ ስም ከነአያቴ ተጽፏል። ጥፋት በሚለው ሥር፣ በሬ መስረቅ። ውጤት በሚለው ሥር ምንም የለም።

«ይሄ እኮ እኔ አይደለሁም» አልኩ።

«ታዲያ የተቀመጠው ማን ነው?»

«የተቀመጥኩትማ እኔ ነኝ። የወሰደው አጎቴ ነው። አንተ ደግሞ ታውቃለህ!»

«እኔማ አውቃለሁ። መዝገቡ ነው የማያውቀው።»

«ሰርዘዋ።»

«የመንግሥት መዝገብ ሰርዝ እያልከኝ ነው?» ብሎ በእስክሪብቶው ወደ ግድግዳው አመለከተ፤ ግድግዳው ላይ ምንም አልነበረም፣ ሕግ ያለው ወደዚያ መሰለኝ። «ክፍት ጉዳይ እያለብህ ክስ የለበትም ብዬ አልጽፍልህም። አጎትህ ይምጣና እኔ ነኝ ይበል። ባለ በሬውም ይምጣና ይቅር ብያለሁ ይበል። ያን ጊዜ ስሙን ቀይሬ እዘጋዋለሁ።»

«አጎቴን ታስሩታላችሁ?»

«ባለቤቱ ይቅር ካለ እኔ ምን አደርገዋለሁ? ሽማግሌ ማን ሊቀልብልኝ ነው?»

ለአርብ ጠዋት አራት ሰዓት ተቀጣጠርን። ጎረቤቴን ሳነጋግረው በደስታ እሺ አለኝ። ያ በሬ ነው ልጄን የዳረልኝ፣ የሙሽራዋ አባት ሆዱን አይቶ ነው እሺ ያለው ብሎ ሳቀ። አጎቴም እንዲሁ አላስቸገረኝም። እንዲያውም ያለወትሮው ደስ አለውና ከአልጋው ሥር የሱፍ ኮቱን አስወጣኝ። «እኔ ነኝ የወሰድኩት፤ ተደብቄ ነው እንዴ የወሰድኩት?» አለ። አጎቴ አንድን ነገር ሳይከራከር ሲቀበል መጠርጠር ነበረብኝ።

አርብ አራት ሰዓት ላይ አራታችንም ጠረጴዛውን ከበብን። ሳጅኑ መዝገቡን ገልጦ እስክሪብቶውን አነሳ።

«በሬውን ሰርቀሃል?»

«የለም» አለ አጎቴ። «ጠምቶት ነበር።»

«ማን?»

«በሬው።»

«እሱን አልጠየቅኩም። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወስደሃል?»

«ባለቤቱን ሁለት ቀን ነግሬዋለሁ። ገመዱን ለክቼ አሳይቼዋለሁ። ይህችን ነበር የምታክለው፣ ጻፍ» ብሎ ክንዱን ዘረጋ። ስለማያይ ክንዱን የዘረጋው ጎረቤታችን አፍንጫ ሥር ነበር።

«ውሸት ነው!» አለ ጎረቤታችን። «ሁለት ክንድ ሙሉ ነበር!»

«አንድ ተኩል!»

«የገዛ በሬዬን አያያዝ አንተ ልታስተምረኝ ነው?»

«ካርቶን ነበር የሚያበላው! እሱንም ጻፍ! ሌባውን ከፈለጋችሁ ውሃ የከለከለውን ያዙ!»

«እንግዲያው አልተውም!» ብሎ ጎረቤታችን ከወንበሩ ተነሳ። «ይቅርታዬን አንስቻለሁ። ክሱ ይቀጥል!»

አራት ዓመት ሙሉ በሰላም ጨው ሲበዳደሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሳጅኑ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ግንባሩን ያዘ። እኔ የስልኬን ሰዓት ባየሁ ቁጥር አምስት ደቂቃ ይጎድልብኛል። በመጨረሻ ቱግ አልኩ። በሦስት ቋንቋ ጮኽኩ። አንተ ገመድህን፣ አንተም በሬህን ይዛችሁ ሂዱ፣ እኔ አርጅቼ ሪሴፕሽን ላይ ልሙት፣ አንተም ከበርሜል ጋር ሰላም ስትባባል ኑር አልኩ። ለታላቅ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

ሳጅኑ ነው ቀስ ብሎ የተናገረው። «አባቴ፣ ስማኝ። እዚህ መስመር ላይ ሰረቀ የሚል ቃል አለ። ቃሉን ማንሳት አልችልም። መቀየር የምችለው ስሙን ብቻ ነው። ወይ የልጁ ስም ይቀመጣል፣ ወይ ያንተ።»

አጎቴ ያደገበት ሰፈር ውስጥ የከብት ሌባ መባል ምን ማለት እንደሆነ ለከተማ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። እዚያ ሰው በዘፈን ይመሰገናል፣ በዘፈን ይሰደባል፤ ዘፈኑ ከሰውዬው በኋላም ይኖራል። አጎቴ በሕይወቱ ብዙ ነገር አጥቷል፤ በከብት ነገር ግን ስሙ ንጹሕ ነበር። በዚያ ይኮራ ነበር። እኔ ወዳለሁበት ዞረ፤ ትንሽ ስቶ መስኮቱን ነበር ያየው።

«ልጁ የት አለ?»

«እዚህ ነኝ።»

«ያንተን አውጥቶ የእኔን ይጽፋል?»

«አዎ።»

«ሥራው ይሰጥሃል?»

«ይሰጠኛል።»

ወደ ሳጅኑ ተመለሰ። «ሰረቅኩ» አለ። «ጻፍ።»

አውራ ጣቱን ቀለም አስነክተው እጁን ይዘው መዝገቡ ላይ አሳረፉለት። በአጎቴ ያፈርኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ ያን ቀን ግን ያፈርኩት በራሴ ነበር። እኔ ንጹሕ የሚል ወረቀት እንዳገኝ ሽማግሌውን ሌባ አስባልኩት። ጎረቤታችንም አንገቱን ደፋ። «ይቅር ብያለሁ» አለ በቀስታ። ከዚያ ደግሞ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣ «እርግጥ ገመዱ ትንሽ አጥሮ ነበር» አለ። ሳጅኑ በመጨረሻው ዓምድ ላይ አቀርቅሮ ረጅም ነገር ጻፈ፣ ማኅተም መታ፣ ደብዳቤዬን ሰጠኝ። እኔ ሰዓት ስመለከት ስለነበር ምን እንደጻፈ አላየሁም።

ዋናው ቢሮ ደርሰን ክሊራንሱን ስቀበል ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። አጎቴን ቤት ግባ ስለው አሻፈረኝ አለ። ሹፌሩ፣ አጎቴና እኔ በአንድ ቦዳ ተጭነን ሄድን፤ አጎቴ መሐል ላይ ሆኖ ከጠዋት ጀምሮ ያልለቀቃትን አንዲት ጥቁር ፌስታል ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዟል። ትምባሆው መስሎኝ ነበር።

የኤች አሯ ሴትዮ ክሊራንሱን ወደ መብራት አንስታ አየችው፣ ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰች፣ ወደደችው። የግብር ቁጥሩንም ወደደችው። ከዚያ ባዶውን ቅጽ አየች።

«ሚስት?»

«የለኝም።»

«ልጆች?»

«የሉኝም።»

«እናት፣ አባት?»

«ሞተዋል።»

«ታዲያ እዚህ ማንን ልታስገባ ነው?»

«አጎቴን» ብዬ አሳየኋት። አጎቴ ለጠረጴዛ መብራቷ እጅ ነሳ።

ራሷን ነቀነቀች። ኢንሹራንሱ የሚሸፍነው ሚስት፣ ልጅና ወላጅ ብቻ ነው አለች። በቅጹ ግርጌ ደግሞ የተጻፈውን አነበበችልኝ፤ ሐሰት የሞላ ሰው በተገኘበት ቀን ይሰናበታል። «አባትህ ቢሆን ኖሮ...» አለች። ያን ጊዜ ፈገግ አላለችም፤ ከልቧ ነበር። እኔ ደግሞ ቅጹ ላይ የቤተሰብ አባል የሚለውን ብቻ አንብቤ ነበር። በእኛ አገር አጎት ቤተሰብ አይደለም የሚል ሰው ይኖራል ብዬ በየት በኩል ላስብ? ሦስት ቀን የተንከራተትኩት፣ ሽማግሌውን ያዋረድኩት፣ ሁሉም ለብርድ ልብስና ለጀሪካን ሆኖ ቀረ።

«ምን ትላለች?» አለ አጎቴ።

ነገርኩት። ለአባት ይሆናል፣ ለአጎት አይሆንም፣ ደግሞም ወረቀት ያስፈልጋል አልኩት።

ፌስታሏን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈታ። ውስጡ ሌላ ፌስታል፣ በእሱም ውስጥ በላስቲክ የታሰረ ነገር ነበር። «ሳምንቱን ሙሉ ወረቀት ወረቀት ስትል ሰነበትክ» አለ። «እኔ ያለኝ ወረቀት ይሄ ብቻ ነው።»

የካምፑ የራሽን ካርድ ነበር። ስንወጣ የመለሰው ይመስለኝ ነበር። እንዳይሠራ ጥጉ ላይ በስተውታል፤ ቀለሙም ለቋል። ጽሑፉ ግን ይነበባል። የቤተሰብ ኃላፊ፣ እሱ። ልጅ፣ እኔ። በፎቶው ላይ ጉልበቱ ላይ ተቀምጬ ካሜራው ላይ አፍጥጫለሁ፤ እሱ ደግሞ ሰው ሊነጥቀው እንደመጣ ሁሉ በሁለት እጁ ይዞኛል።

ሴትዮዋ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ አጎቴን አየች። «ታዲያ አባትህ ከሆነ ለምን አጎቴ ትላለህ?»

ክሊራንሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፤ በእሱ ላይ ንጹሕ ሰው መሆኔ ከተጻፈ ሁለት ሰዓት አልሞላም። «ልጄ ነው» አጎቴ አንድ ቀን በአንድ ሰልፍ ላይ የተናገራት ቃል ነች። ለዚያች ቃል ሲል እኔን አብልቷል፣ አስተምሯል፣ ወልዶ ያሳደገ ሰው የሚደርስበት ጭንቀት ሁሉ ደርሶበታል። በዚያች ደቂቃ ይህን ሁሉ ተራ በተራ አላሰብኩትም፤ አፌ ቀደመኝ።

«አባቴ ነው» አልኩ።

ጮክ ብዬ እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነበር። ውሸት የተናገርኩ አልመሰለኝም፤ አሁንም አይመስለኝም። ሴትዮዋ ካርዱን ኮፒ አድርጋ ከቅጹ ጋር በስቴፕለር አያያዘችው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ይላል።

ስንወጣ አጎቴ እጄን ይዞ ትንሽ እንደተራመደ ቆመ። «አሁን እኔም ወረቀት ውስጥ ከገባሁ ያ ዘመድህ ከእኔም ይቆርጣል?» አለኝ። አይቆርጥም ስለው ቅር ያለው መሰለኝ።

ከሦስት ወር በኋላ ዓይኑን ሠሩለት። እትዬ ፔርሙዛቸውን ሆስፒታል ድረስ ላኩ። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየው እኔን ነበር። ረጅም ጊዜ አየኝና «እንዲህ አርጅተሃል?» አለኝ። ሁለተኛ የጠየቀኝ ነገር ጣቢያው ውሰደኝ የሚል ነበር። ስሜ የት እንደተጻፈ ማየት እፈልጋለሁ አለ።

ሳጅኑ መዝገቡን አውርዶ ገለጠለት። አጎቴ ማንበብ አይችልም። አጎንብሶ በአዲሱ ዓይኑ የአውራ ጣቱን አሻራ ተመለከተ፤ ከዚያ በመጨረሻው ዓምድ ላይ ወዳለው ረጅም ጽሑፍ ጣቱን ወሰደ።

«ሌላው ስድብ ሁሉ አንዳንድ ቃል ነው» አለ። «የእኔ ለምን ረዘመ?»

ሳጅኑ እኔን አየኝ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ አነበበለት። «በሬው ጠምቶት ነበር። ውሃ አጠጥቶ፣ ሣር አብልቶ፣ በሦስተኛው ቀን በእጁ መልሶታል። ባለቤቱ ይቅር ብሏል። ተዘግቷል።»

አጎቴ ዓይኑን ጠረገ፤ የሐኪሙ ጠብታ ነው አለን። ድጋሚ እንዲያነብለት ጠየቀ፤ ሳጅኑ ድጋሚ አነበበለት። ከዚያ ቀና ብሎ ኮቱን አስተካከለ።

«ስለ ገመዱ ግን አልጻፍክም» አለው።